ምዕራፍ ስድስት፦ ጉንጭ የሚያየው

የዛሬ ሦስት ዓመት መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም አክስቴን በስልኬ ፎቶ አነሳኋት። እኩለ ቀን ሆኗል፤ ደመናው ተገልጦ ፀሐይዋ አናት ላይ ቆማለች። አክስቴ ለበዓሉ ያሠራችውን ነጠላ ተከናንባ፣ ጀርባዋን ለገደሉ ሰጥታ፣ ትንፋሿን ሰብስባ ቆመች። ፎቶውን ሳሳያት ስልኩን አቀረበች፣ መልሳ አራቀችና፣

«አንተ፣ ያነሳኸው ነጠላዬን ነው። እኔ የታለሁ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ነጠላው እንደ በረዶ ያበራል፤ ፊቷ መሆን የነበረበት ቦታ ግን ጠቁሯል። ዓይኖቿ ሁለት ጉድጓድ ሆነዋል። ከአፍንጫዋ ሥር የወደቀው ጥላ፣ አክስቴ ትማረኝና፣ ጢም አብቅሎላታል።

በማግስቱ ደሴ ወርደን ለመታወቂያዋ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ገባን። ክፍሏ ከሁለት አልጋ ስፋት አትበልጥም፤ ያላትም ነጭ ጃንጥላ የተደረገለት አንድ መብራት ብቻ ነው። እዚያ የተነሳችው ፎቶ ላይ የግንባሯ መስመር፣ የጉንጯ ሙላት፣ ዓይኗ ውስጥ ያለው ብልጭታ ሁሉ ይታያል። ሰማይ ሙሉ ብርሃን የነሳኝን አንድ መብራትና አንድ ጃንጥላ እንዴት ሰጡ? ይህ ምዕራፍ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። መልሱም ባጭሩ ይህ ነው፦ ፎቶ ሲነሳ መጠየቅ ያለበት «ብርሃኑ ስንት ነው?» ሳይሆን «ጉንጩ ምን ያያል?» ነው።

ጉንዳኗና አፍንጫው

በምዕራፍ ሁለት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ በአንዲት ቀዳዳ የገባው ብርሃን የውጩን ዛፍ ገልብጦ ግድግዳው ላይ ሲያሳየን፣ ብርሃን ቀጥ ብሎ እንደሚጓዝ አይተን ነበር። ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ አይታጠፍም፤ ስለማይታጠፍ ደግሞ ከአፍንጫ ጀርባ ተሸሽጎ መብራቱን ማየት የማይችል ቆዳ መብራቱ አይደርሰውም። ጥላ ማለት ይኸው ነው፤ ብርሃኑን ማየት ያልቻለ ቦታ።

አሁን አንዲት ጉንዳን በአክስቴ ጉንጭ ላይ እንዳለች አስቡ። ጉንዳኗ ከጆሮ ተነስታ ወደ አፍንጫው ትሄዳለች፤ በየእርምጃው ቀና ብላ ትመለከታለች። ብርሃኑ ከወዲያኛው ወገን የሚመጣ ጧፍ ቢሆን፣ ጉንዳኗ ጧፉን ሙሉ በሙሉ ታያለች፣ ታያለች፣ ከዚያ የአፍንጫው ተራራ ይጋርዳትና በአንድ እርምጃ ድርግም ይላል። ብርሃኑ የሚያልቅበት መስመር በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። በጧፉ ፈንታ ሰፊ መስኮት ቢኖር ግን ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ መስኮቱን በሙሉ ታያለች፤ ትንሽ ስትሄድ ሩቡ ይጋረድባታል፤ ቀጥሎ ግማሹ፤ ከዚያ ጠርዙ ብቻ ይቀራል። ብርሃኑ አመሻሽ ላይ እንደሚሸሽ ቀን ቀስ እያለ ይሄዳል። ጥላው ጠርዝ የለውም።

ሙከራው ነፃ ስለሆነ ዛሬ ማታ ሞክሩት። ጧፍ አብርታችሁ እጃችሁን ከግድግዳው ትንሽ አርቁ፤ የጣታችሁ ጥላ ጥርት ብሎ ይወጣል። ነገ ጠዋት ያንኑ እጅ ከመስኮት ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ አጠገብ አድርጉት፤ ጥላው ጭስ ይመስላል። ፎቶ አንሺዎች የመጀመሪያውን ጠንካራ ብርሃን፣ ሁለተኛውን ለስላሳ ብርሃን ይሉታል። ልዩነቱን ያመጣው ግን የመብራቱ ጉልበት ሳይሆን ስፋቱ ነው።

ስፋቱ ደግሞ በሜትር የሚለካው አይደለም፤ ጉንዳኗ ከቆመችበት ሆና የምታየው ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መብራቱ ፊቱን ያቃጥለዋል ብሎ ያርቀዋል፤ በራቀ ቁጥር መብራቱ ለጉንጩ ትንሽ ሆኖ ስለሚታይ ጥላው ይብስ ይጠነክራል። ማቅረብ ነበረበት። የደሴው ፎቶ አንሺ ጃንጥላውን አክስቴን ሊነካ እስኪደርስ ድረስ ማስጠጋቱ ለዚህ ነው።

ምስር የምታክል ፀሐይ

ታዲያ ፀሐይስ? ስፋቷ ወደ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ መሬትን 109 ጊዜ ብትደረድሯት ነው ከዳር ዳር የምትደርሰው። ነገር ግን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስላለች፣ እጃችንን ዘርግተን በጣታችን ጫፍ ከያዝናት አንዲት የምስር ፍሬ አትበልጥም። ለጉንዳኗ ፀሐይ ምስር ናት፤ የምታቃጥል ምስር። ግሸን ላይ በእኩለ ቀን ያቺ ምስር አናት ላይ ስትሆን የዓይን ጉድጓድ በቅንድብ፣ ከንፈር በአፍንጫ፣ አንገት በአገጭ ይጋረዳል። የአክስቴ ጢም ምንጩ ይኼ ነው።

ደመና ሲመጣ ሰው «ብርሃን ሄደ» ይላል። ፎቶ አንሺ ግን በዚያ ሰዓት ካሜራውን ያወጣል። ደመናው እንደ ተዘረጋ ጋቢ የፀሐይዋን ብርሃን ተቀብሎ በሰማዩ ሙሉ ይበትነዋል፤ ምስሯ ጠፍታ ሰማዩ ራሱ መብራት ይሆናል። ነጩ የስቱዲዮ ጃንጥላም ሆነ ፊቱ በስስ ነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ሶፍትቦክስ የሚሠሩት ሥራ ይህንኑ ነው፤ ትንሿን አምፖል ሰፊ ደመና ያደርጓታል። የስልካችን ፍላሽ ለምን ፊትን እንደሚያበላሽ ከዚህ በኋላ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

ነጠላም መብራት ነው

እስካሁን ጉንዳኗ ቀና ብላ ብቻ ነበር የምታየው። ዝቅ ብላስ ብታይ? ከአገጩ ሥር ነጠላ አለ። ንጹሕ ነጭ ጥጥ የወደቀበትን ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ይተፋዋል፤ ስለዚህ ጉንዳኗ ከታች በኩል ሌላ መብራት ታያለች። ጉንጭ የሚያየው የሚያበራ ነገር ሁሉ፣ ሰማይ ይሁን ግድግዳ ወይም ልብስ፣ ለጉንጩ መብራት ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ረዳቱ ከተነሺው ደረት በታች የሚይዘው ነጭ ሰሌዳ ሥራው ይኸው ነው፤ ከቅንድብና ከአገጭ ሥር የተደበቀውን ጥላ ማሳሳት። የእኛ እናቶች ሰሌዳውን ለብሰውት ነው የሚመጡት።

ግሸን ላይ ይህን በሰፊው ማየት ይቻላል። በዚያ ቀን ነጭ በለበሰ ሕዝብ መካከል የቆመ ሰው ፊት፣ ለብቻው ገደሉ ጫፍ ላይ ከቆመው ሰው ፊት ይልቅ የበራ ነው፤ ብርሃን ከየትከሻው ይመለስለታላ። እኔ ደግሞ አክስቴን «ሰው እንዳይገባብን» ብዬ ከሕዝቡ ነጥዬ ገደሉ ጫፍ አቆምኳት! ሣሩ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። የመስከረም ሣር አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል፤ አገጭና የነጠላው የታችኛው እጥፋት ትንሽ አረንጓዴ ይነካቸዋል። ዓይናችን ይህን አያስተውልም፤ ካሜራ ግን አይምርም።

የልብስ ምርጫ ስለ ማማር ብቻ የሚመስለን ይህን ስለማናስብ ነው። ነጭ ልብስ ለፊት ብርሃን ያበድራል። ጥቁር ኮት አያበድርም፤ አገጭ ሥር ያለውን ጥላ ያጠልቀዋል፤ ቀጭን ለመምሰል የሚፈልግ ሰው ጥቁር የሚያዋጣው በከፊል በዚህ ነው። ደማቅ ቀይ ሹራብ አንገትን ቀይ ያደርጋል። የሚያብረቀርቅ ካባ ደግሞ መብራቱን እንደ መስታወት መልሶ ዓይን ስለሚስብ፣ ተመልካቹ ከፊት በፊት ካባውን ያያል።

ነገር ግን ነጠላ ብርሃን የሚያበድር ከሆነ የእኔ ፎቶ ለምን ጠቆረ? እዚህ ላይ የምዕራፍ አራትን ቂል ምግብ አብሳይ እንጥራው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የትኛውም ድስት ቢቀርብለት ያንኑ አንድ ማንኪያ ጨው የሚጨምር አብሳይ ነው ብለን ነበር፤ ዓለም ሁሉ በአማካይ ከወደቀበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ግራጫ ነው ብሎ ያምናል። ነጭ ነጠላ፣ ነጭ ሕዝብና ብሩህ ሰማይ ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጠቁራል። ነጠላው ወደ ልኩ ይመጣል፤ ጠይሙ ፊት ወደ ጨለማ ይወርዳል። የዛሬ ስልኮች ፊት ፈልገው ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ልዩነቱ ሲሰፋ ግን ይረታሉ። ማሳያው ላይ በጣት ፊቱን ነክቶ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ ይረዳል። ያኔ ደግሞ ነጠላው ይቃጠላል፤ ጥለቱም ፈትሉም ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ይሆናል።

ሁለቱን ማስታረቂያው መንገድ አቋቋም ነው። ደረትን ከብርሃኑ ዞር፣ ፊትን ወደ ብርሃኑ መለስ ማድረግ። ጨርቁ ብርሃኑን በሰያፍ ስለሚያየው ይቀንሳል፣ እጥፋቱና ፈትሉም ይወጣል፤ ጉንጩ ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ያየዋል። የሙሽራ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ቬሎ የለበሰችውን ሙሽራ «ትከሻሽን ወደዚያ፣ ፊትሽን ወደዚህ» እያሉ የሚያሽከረክሯት ለማሽኮርመም አይደለም።

ጀበናና ሲኒ

ይህ ክፍል ለእኛ ሀገር ፎቶ አንሺ ከሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። የውጭ ሀገር መማሪያዎች በአብዛኛው የሚዘሉትም እሱን ነው።

ረከቦቱ ላይ ያለውን ሲኒና ከጎኑ የተቀመጠውን ጥቁር ጀበና ተመልከቱ። ሲኒው ክብ መሆኑን በምን አወቃችሁ? አንዱ ጎኑ ነጭ፣ ሌላው ጎኑ ቀስ እያለ ስለሚጠቁር፤ በጥላው ነው። ጀበናውስ? ጥቁር ላይ ጥላ ብዙም አይለይም። የጀበናውን ሆድ ክብነት የሚነግራችሁ ሆዱ ላይ የተኛው የመስኮቱ ነጸብራቅ ነው፤ ያ ረጅም፣ የሚታጠፍ የብርሃን መስመር። ሲኒ በጥላው፣ ጀበና በብልጭታው ይታያል።

የሰው ፊትም ከሲኒ እስከ ጀበና ባለው መንገድ ላይ ነው። ነጭ ቆዳ በጥላ ይቀረጻል፤ ቆዳው በጠየመ ቁጥር ቅርጹን የሚናገረው ብልጭታው ይሆናል፤ ግንባር ላይ፣ ጉንጭ አጥንት ላይ፣ አፍንጫ ጫፍ ላይ። ብልጭታ ደግሞ የመብራቱ መልክ ነው። መብራቱ ምስር ከሆነ ብልጭታው ነጥብ ሆኖ ላብ ይመስላል። መብራቱ ሰፊ መስኮት ከሆነ ብልጭታው ጉንጩን ተከትሎ የሚፈስ ለስላሳ ወለል ይሆናል። ጠይም ፊት ብዙ ብርሃን ሳይሆን ሰፊ ብርሃን፣ ያውም ከጎን የሚመጣ፣ ይፈልጋል የሚባለው ለዚህ ነው። አክስቴ ለደሴው ፎቶ ቫዝሊን ቢጤ ፊቷ ላይ ማሸት ፈልጋ እኔ ከልክያት ነበር። ፎቶ አንሺው ግን «ተዋት» አለኝ። ልክ ነበር።

አንድ ቅሬታዬን እዚህ ላይ ልተንፍስ። አንዳንድ ፎቶ ቤት ገብታችሁ ስትወጡ ሌላ ሰው ሆናችሁ ትወጣላችሁ። የመብራቱ ስህተት በኮምፒውተር ይታረማል ተብሎ ፊት ሁሉ በአንድ እርምጃ ይቀላል፤ የጉንጭ አጥንት ይሟሟል፤ ጀበናው ሲኒ ይሆናል። ደንበኛው ስለሚጠይቅ ነው ይላሉ። ደንበኛው የሚጠይቀው ግን፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ መታየትን ነው። ጠቁሮ ሲጠፋ ስለኖረ ነው «አቅላኝ» የሚለው።

የመቅደላው ልጅ

ጥፋቱ ሁሉ የፎቶ አንሺው ብቻ አልነበረም። ከግሸን ሳንርቅ፣ በዚያው በደቡብ ወሎ፣ ሌላ አምባ አለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ከወደቁ በኋላ፣ የሰባት ዓመት ልጃቸው ደጃዝማች ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ በጋ ዋይት በተባለችው ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ቀረበ። ካሜሮን በዘመኑ ከነበሩት የፊት ፎቶ አንሺዎች ሁሉ ስመ ጥር ናት ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያ ካሜራዋን ያገኘችው ግን በ48 ዓመቷ ነው። ስቱዲዮዋ መስታወት የነበረው የዶሮ ቤት ነበር፤ ዶሮዎቹን አስወጥታ ነው የገባችበት።

በምስሎቹ ላይ ልጁ የሀገሩን ልብስ ለብሷል። ሀገራችን ሳለ «ባሻ ፈለቀ» ይባል የነበረው ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲም ሐበሻዊ ለብሶ አጠገቡ ይታያል። ልጁ ፊት ላይ ፈገግታ የለም። ካሜሮን ከጎን የሚመጣ ሰፊ የሰማይ ብርሃን ትወድ ነበር፤ የልጁ ጉንጭ ያየው የመስታወት ግድግዳ ነው። በእኛ ቋንቋ ትልቅ መስኮት። ፊቱ ዛሬም ድረስ የሚናገረን በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ያ ብርሃን ግን ጠላት ነበረው። በዘመኑ ፎቶ የሚነሳው ኮሎዲዮን በሚባል ፈሳሽ በተቀባ እርጥብ መስታወት ነበር፤ ይህ መስታወት ሰማያዊ ብርሃንን በደንብ ያያል፣ ቀይን ግን ጨርሶ አያይም ማለት ይቻላል። ጠይም ቆዳ የሚመልሰው ብርሃን ደግሞ ይበልጡን ወደ ቀይ የሚያደላ ነው። ስለዚህ መስታወቱ ለልጁ ፊት ከፊል ዕውር፣ ለነጭ ልብሱ ግን ዓይናማ ነበር። ለአንድ ምስል ብዙ ጊዜ ከደቂቃ በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ያስፈልግ ነበርና፣ የሰባት ዓመት ልጅ ያን ያህል እንዴት እንደቻለ ማሰቡ ራሱ ያሳዝናል።

ቀለም ፊልም ሲመጣም ነገሩ ቶሎ አልተስተካከለም። ኮዳክ ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች የሚልከው መመዘኛ ካርድ «ሸርሊ» ይባል ነበር፤ ካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ቀለሙ ልክ ነው የሚባለው የእሷ ፊት ልክ ሲሆን ነው። ፊልሙ ጥቁርና ቡናማ ነገሮችን ለይቶ እንዲያሳይ ግፊት ካደረጉት መካከል ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች እንደነበሩ ይነገራል። የሰው ፊት ተራው ከዚያ በኋላ ደረሰው።

ሁለት ዓይን

ስለ አቋቋም ስናወራ ግሸን እንደገና ይጠራናል። አምባው ለዘመናት የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ቦታ ነበር፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብም በ1434 (እ.ኤ.አ.) ለንግሥና የወጡት ከዚያ ነው። በእሳቸው ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን የሳላት እመቤታችን ዛሬም በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ አለች። በዚያ ወግ ቅዱስ ሰው ሲሳል ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ በአንድ ዓይኑ በጎን የሚሳለው ሰይጣን ወይም ከሃዲ ነው። ጥላም የለም ማለት ይቻላል። ጉንዳናችን እዚያ ፊት ላይ ብትሄድ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አታውቅም፤ ከውስጥ ነውና። ፊትን በጥላ ማድበልበል በሥዕላችን ላይ ጎልቶ የመጣው በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በጎንደር ነው።

ብዙ ሰው ፎቶ ቤት ሲገባ ይህን ወግ ይዞ ይገባል። ፊት ለፊት ይቆማል፤ እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፤ አይስቅም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሳው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ያነሷቸው መኳንንት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ወጣት ፎቶ አንሺዎች ይህን «መድረቅ» ይሉታል። እኔ ክብር ብለው ይሻለኛል። ችግሩ መብራቱም እንደ ተነሺው ፊት ለፊት የቆመ እንደሆነ ነው፤ ጉንጮቹ ሁለቱም እኩል ያዩታል፣ ፊቱም ጠፍጣፋ እንጀራ ይሆናል።

ሁለቱን ዓይን ሳይነኩ ማዳን ይቻላል። ሰውየው ፊት ለፊት ይቁም፤ መብራቱ ግን ወደ ጎንና ከፍ ይበል። ከመብራቱ በራቀው ጉንጭ ላይ፣ ከዓይኑ ሥር፣ ብርሃኑ እንደ ተቆረሰ ድፎ ዳቦ ሦስት ማዕዘን ሆኖ እስኪቀር ድረስ መብራቱን ማንቀሳቀስ ነው። ይህን ብርሃን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊ ሠዓሊ ስም የሬምብራንት ብርሃን ይሉታል። አገጭ ትንሽ ዝቅ ቢል ዓይን መብራቱን ያየዋል፤ ዓይን መብራቱን ካየው ደግሞ ያ ብልጭታ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ብልጭታ የሌለው ዓይን የሞተ ይመስላል። ፎቶ አንሺ «አገጭ ዝቅ» ብሎ የሚጮኸው ለዚህች ነጥብ ነው።

በሩ ሥር

ዘንድሮ አክስቴን ደግሜ አነሳኋት፤ አሁን በቤቷ፣ ያለ ምንም መብራት። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበትን በር መረጥኩ። ከደፉ አንድ ክንድ ገባ ብላ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ከጀርባዋ ያለው ቤት ጨለማ ነው፤ በሩ ግን ለጉንጯ ከጃንጥላው ይሰፋል። ደረቷን ወደ ውስጥ ዞር፣ ፊቷን ወደ በሩ መለስ አደረገች። ነጠላው ከአገጯ ሥር የራሱን ብርሃን ሰጣት። ፊቷን ነክቼ ለካሁ። ግንባሯ ላይ የበሩ መልክ እንደ ጀበና መስመር ተኛ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የነጠላዋ ጥለት ወይን ጠጅና ወርቅማ ነው፤ ያምራል፤ ግን ታች ወድቆ ከፎቶው ወጥቷል። ቀለሙ ወደ ፊቷ ቢቀርብ ብዬ ነጠላውን ገለበጥኩና ጥለቱን አንገቷ ላይ አደረግሁት። ማሳያው ላይ በጣም አማረ።

አክስቴ አንገቷን ደፍታ ጥለቱን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ማን ሞተብኝ ብለህ ነው?» አለችና መልሳ ገለበጠችው።